የሚስትየው ጉልበት

ጫማ ሰፊው በዓመት አንድ ሳምንት ሱቁን ይዘጋል። ያችን ሳምንት ከሚስቱና ከልጁ ጋር ድንኳን ተክሎ ያሳልፋታል። በሁለተኛው ቀን እሱና ሚስቱ ከድንኳኑ ጀርባ ያለችውን ኮረብታ ይወጣሉ። ኮረብታዋ ከባድ አይደለችም፤ ልጅ ያዘለ ሰው እያወራ ይወጣታል።

ዘንድሮ ልጅቱ ቅር ብሏት ነበር። ሙያውን ተምራ ከአባቷ ጋር ነው የምትሠራው። ባለፈው ወር ሥራውን አቋርጦ ትንፋሹን ሲሰበስብ ሁለት ጊዜ አይታዋለች። እናትየውም «ጉልበቴን» ማለት የጀመረችው በዚያው ወር ነው።

«እማዬ የፈለገችው ቦታ ትረፍ» አለች ልጅቱ። «አንተ ግን አባዬ፣ ደክሞህ አንዴ ከቆምክ፣ ነገ ድንኳኑን አጣጥፈን ሐኪም ቤት ነው።»

«ለእናትሽ እዘኚ» አለ። ገና አምስት ቀን ይቀረዋል፤ አንዷንም ለሐኪም ሊሰጥ አላሰበም።

ሚስትየው ኮቱን ስታቀብለው ኪሱ ከበዳት። እጇን ብትሰድ ሞረድ አገኘች።

«ለዕረፍት ሞረድ ይዞ የሚመጣ ሰው አንተን አየሁ።»

«ሥራ የት እንደሚገኝ አይታወቅም።»

የመጀመሪያው መታጠፊያ ጋ ሳይደርሱ ሚስትየው ቀኝ ጉልበቷን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ምነው ሙሽሪት፣ ገና ከደጃችን ሳንርቅ?» አላትና አጠገቧ ቁጭ አለ።

«አንተ ምን አለብህ፣ እንደ ፈረስ ትጋልባለህ።» ውኃውን አስቀድማ ለእሱ ሰጠችው።

ትልቁ ዛፍ ሥር ደግማ ተቀመጠች። ከዚያ አጥሩ አጠገብ። እሱም በየማረፊያው ቀልድ አላጣም፤ አንዴ ጎማ ይቀየርልሽ ይላታል፣ አንዴ በዚህ አያያዝሽ ጫፉ ላይ የምንደርሰው ለከርሞ ነው ይላታል።

«ባዝልሽ ሳይሻል አይቀርም» አለ በመጨረሻው ዳገት፣ ቃሉ እየተቆራረጠ።

«አርፈህ ተቀመጥ እባክህ።»

የአንድ ሰዓቱ መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ጫፉ ላይ ቁልቁል እያዩ ዳቦ በሉ።

«ለራሴ ብዬ አንዴም አልቆምኩም» ሲል ፎከረ።

«አልቆምክም። ጎበዝ ነህ።»

ሲወርዱ ግራ ጉልበቷን ያዘች።

«ስንወጣ ቀኙ አልነበር?»

«ተራ ገብተው ነው።»

ከት ብሎ ሳቀና ክንዱን ሰጣት።

ልጅቱ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ነበር። «ስንቴ ቆምክ?»

«እናትሽን ጠይቂ። ሰባት ጊዜ አስቀምጣኛለች። በቀኝ ጉልበቷ እያነከሰች ነው የከረመችው።»

ልጅቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ እናቷን አየች። «እንግዲያው ጫማዋን አምጣልኝ። የሚያነክስ ሰው ታኮው ባንድ ወገን ይበላል፣ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። እስቲ ልየው።»

ሚስትየው ሻይ እየቀዳች ነበር። እጇ ባለበት ቀረ።

«ጭቃውን ልጥረገውና» አለ ጫማ ሰፊው። የሚስቱን ጫማ አንጠልጥሎ ከድንኳኑ ጀርባ ዞረ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ገለበጣቸው። ሁለቱም ታኮዎች እኩል ነበሩ፤ አንዱም ወገን አልተበላም።

ከኮቱ ኪስ ሞረዱን አወጣና የቀኙን ጠርዝ መሞረድ ጀመረ።