ያልቆሸሸው ደብተር

ጉደታ የጭነት መኪናውን የሰርቪስ ደብተር ከተጠቀለለበት ሁለት ላስቲክ ውስጥ ፈትቶ ለመካኒኳ ለሐምዲያ ሰጣት። ከባኮ በቆሎ ጭኖ ሲመለስ ሞተሩ ቀጥ ያለበት ይኸው መኪና አምቦ ካለው ጋራዥ ግቢ ድረስ ተጎትቶ መጥቷል።

«በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ እዚህ ዘይት ቀይረው ማኅተም ማስመታት ነበረብዎት፣ ኦቦ ጉደታ። ያለዚያ መኪናውን የሸጠልዎ ኩባንያ ዋስትና አይሠራም።»

«እኔ በየአራት ሺው ነው የምቀይረው! ቤቴ፣ በገዛ እጄ።» የጋቢናውን በር ከፈተላት። ውስጡ በኩል ዘይት የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር በእስክሪብቶ ተደርድሯል፤ አንድም አልተዘለለም። ሐምዲያ በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች አነበበችው።

«እኔ አምኜዎታለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ኩባንያው ግን የሚያየው ማኅተም ብቻ ነው። ደብተሩን አንድ ቀን እንኳ ገልጠው አላዩትም?»

«እንዳይቆሽሽብኝ ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፌ አስቀምጬው ነበር።»

ደብተሩን ስትመልስለት፣ ማኅተም በሚያርፍበት ነጭ ቦታ ላይ የአውራ ጣቷ የዘይት አሻራ ቀርቶ ነበር። ደንግጣ በቱታዋ እጅጌ ልትጠርገው ጎንበስ አለች።

«ተይው» አላት። ላስቲኮቹን መሬት ላይ ትቶ፣ ደብተሩን አጥፎ የኋላ ኪሱ ውስጥ ከተተው።