ከምላስ ሥር የምትገባው ክኒን

ሽማግሌው ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። የልባቸው የደም ሥር ጠቧል፤ ደረታቸውን ጭምቅ ሲያደርጋቸው ከምላሳቸው ሥር የሚያኖሯት ትንሽ ክኒን ታዛላቸዋለች። አብሯቸው የሚኖረው ሽበት የወረሰው የበኩር ልጃቸው ነው። ሴት ልጃቸው ከሥራ ስትወጣ ብቅ ትላለች። ብቅ ባለች ቁጥር የክኒኑ ብልቃጥ ጎድሎ ታገኘዋለች።

“አባባ፣ አመመዎት እንዴ?”

“ምንም አልሆንኩም።”

“ታዲያ ክኒኑን ማን ጨረሰው?”

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

“ጋሼ፣ እሳቸውን መጠበቅ ካቃተህ ንገረኝ። እኔ ዘንድ እወስዳቸዋለሁ።”

“አላቃተኝም!” አለ ወንድሟ፣ ደንግጦ።

ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ዶክተሯ ባዶውን ብልቃጥ ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

“በዚህ ፍጥነት ካለቀ ሕመሙ ብሷል ማለት ነው። የጠበበውን ሥር በትንሽ የሽቦ ቱቦ መክፈት ሊኖርብን ነው። ዕድሜያቸው ብቻ አይከለክለንም። ግን በዚህ ዕድሜ መድማትም አለ፣ የኩላሊት ጣጣም አለ፤ ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። አባቴ፣ ደረትዎን ቶሎ ቶሎ ያምዎታል?”

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩት። ከዚያ “አዎ” አሉ።

“ትንሽ ብንቆይስ?” አለ ልጅየው።

የእህትየው ደም ፈላ። አባታቸው እስኪሞቱና ቤቱን እስኪወርስ የሚጠብቅ መሰላት።

“ምን እስኪሆኑ ነው የምንቆየው?”

ሲወጡ ወንድሟ መሐል ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። የዚህ ሰው ጫማ መቼም ታስሮ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚፈታው ደግሞ ደረጃ ላይ ነው። ጥላው ወረደች።

የቀጠሮው ዕለት ሽማግሌውን በተሽከርካሪ ወንበር አስቀመጧቸው። ወንድሟ “እኔ እገፋለሁ” አለ። ወደ ሕክምናው ክፍል የሚወስደው መተላለፊያ ትንሽ ዳገት አለው። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ቆመ።

“ጎማው ያዘኝ” አለ።

“ጎማው ምንም አልሆነም! ልታስቀራቸው ነው አይደል? እውነቱን ተናገር!”

ግንባሩ በላብ ተጠምቋል። የወንበሩን እጀታ አልለቀቀም። ሽማግሌው ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩትና እጃቸውን በጥድፊያ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ብልቃጡን አውጥተው ክዳኑን ከፈቱ።

“አባባን አመማቸው! ሰው ጥሩልኝ!” ብላ ጮኸች።

አንዲት ነርስ እየሮጠች መጥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

ሽማግሌው የነርሷን እጅ ገፍተው ከወንበሩ ተነሡ፤ ክኒኗን ከልጃቸው ምላስ ሥር አኖሩና፣ “ወንበሩ ላይ አስቀምጡት” አሉ።