ለስፌት መኪናው የተደረገ ዱአ

የመጨረሻው «አሚን» ከአዳራሹ ሳይወጣ ዘይኑልአቢዲን መዶሻውን አንስቶ የሳጥኑን ሚስማር መንቀል ጀመረ። ሼሁ ገና ፊታቸውን በመዳፋቸው እያበሱ ነበር።

«ቀስ በል አቦ! ዓመት የጠበቅህ ሰውዬ አሁን ነው ትዕግሥት ያለቀብህ?» አለችው ተሻለች። በውጫሌ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ ያለችው ብቸኛ ሴት እሷ ናት፤ ምላሷ ግን ለወንዶቹ ሁሉ ይበቃል። አዳራሹ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ እጁ ግን አላረፈም።

ምን ይፈረድበታል? ዓመቱን የገፋው በዚህ ሳጥን ተስፋ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኑርዬ አዲሱን ስፌት መኪና ደሴ አይቶ ሥዕሉን አምጥቶ ግድግዳው ላይ ከለጠፈ ወዲህ ሰፊው ሁሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። የቁልፍ ቀዳዳ በራሱ ይሠራል፤ ይጠልፋል፤ ይዘመዝማል። ዘይኑልአቢዲን የአሮጌ መኪናውን የመርገጫ ጠፍር ሊያስቀይር ሲነሳ «ለሚሄድ ነገር ምን ያደክምሃል?» ብሎ ያስቀረው ኑርዬ ነው። ለአረፋ የመጣለትንም ጨርቅ፣ አዲሱ አሳምሮ ይሰፋዋል እያለ ቆርጦ ከምሮታል። የግማሽ ውጫሌ ልጆች የበዓል ልብስ ክር ሳይነካው ቤቱ ተቀምጧል፤ አረፋ ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው።

አዲሱን የሚወስድ አሮጌውን ያስረክብ ተብሏል፤ ሌላ ሰው ቢለምነው ዘይኑልአቢዲን አሮጌዋን መኪና አይሰጥም ነበር። ቤቱ የሚያድረው በእሷ ነው። ኑርዬ ግን ሌላ ሰው አይደለም፤ ከአንድ ባለሙያ ሥር መርፌ መያዝ የተማሩ፣ በአንድ ትሪ በልተው ያደጉ ናቸው። ማክሰኞ ዕለት የጭነት መኪናው ሳጥኖቹን አራግፎ አሮጌዎቹን ሊጭን ሲጠጋ፣ ዘይኑልአቢዲን «እስቲ አንዱን እንኳ ከፍተን እንየው» ብሎ ነበር። ኑርዬ ክንዱን ያዘው።

«ዱአ ሳይደረግበት? ጁምዓ ይድረስ፣ ሼሁ ይምጡ፣ ያኔ ይከፈታል።»

ማን እምቢ ይላል? በዚህ አገር ያለ ዱአ አዲስ ቤት አይገባም፣ መንገድ አይጀመርም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል መዳፉን ይዘረጋል። ሁሉም «ልክ ነው» አለ። የጭነት መኪናው አሮጌዎቹን ይዞ ወደ ደሴ ተመለሰ።

አሁን የሳጥኑ ክዳን ተነሳ። ወረቀቱን ገፈው መኪናውን ጠረጴዛ ላይ ሲያወጡት «ማሻ አላህ!» የማይል አልነበረም። ነጭ ነው፤ ያብረቀርቃል። ዘይኑልአቢዲን ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደ ልማዱ እግሩን ወደ ሥር ሰደደ። እግሩ ያገኘው መሬቱን ነው። ጎንበስ ብሎ አየ። ሳጥኑን አራገፈ። ሌላ ሳጥን ከፈቱ፤ በዚያም ውስጥ መርገጫ የለም። ከመኪናው ጀርባ ጥቁር ገመድ ተጠቅልሏል፤ ጫፉ ላይ ስፒና አለ።

ውጫሌ መብራት የላትም።

«ይሄ ጭራው የምን ነው?» አሉ ሼሁ።

«የመብራት ነው ሼህዬ» አለች ተሻለች። «በማርያም! እንግዲህ ደሴ ድረስ ገመድ እንቀጥልለት።»

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ዘይኑልአቢዲን ዞሮ ኑርዬን አየው። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲያፈጥ እሱ አልደነገጠም። ዓይኑን ከበሩ ላይ ተክሎ ቆሟል፤ የሚያውቀውን ነገር እስኪያልፍ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ያን ጊዜ ነው ለዘይኑልአቢዲን የገባው። ኑርዬ ሊቀ መንበር ከሆነ ወዲህ ዱአ ያለበት ቤት ደርሶ አያውቅም። በየስብሰባው «ኋላ ቀር ልማድ» እያለ ሲያፌዝበት የኖረ ሰው፣ ማክሰኞ ዕለት ብቻ ለዱአ ተቆረቆረ።

ተጠግቶ በሹክሹክታ ጠየቀው።

«ደሴ ስታየው ይሄ ገመድ ነበረው?»

«አብሽር ዘይኑ፣ በኋላ እንነጋገራለን።»

«ነበረው ወይ ነው የምልህ።»

«ነበረው።»

«እና ዱአው?»

ኑርዬ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «የጭነት መኪናው ደጅ ቆሞ ብትከፍቱት አሮጌውን ትሰጡ ነበር? ከበላይ የታዘዘ ነው። አሮጌዎቹን ሳልጭን ብቀር እኔን ነበር የሚጭኑኝ።»

«ወንድሜ፣ ሊያስሩኝ ነው» ቢለው ኖሮ እኮ ዘይኑልአቢዲን መኪናዋን በጫንቃው ተሸክሞ ይጭንለት ነበር። ኑርዬ ግን አላመነውም። ከወንድምነታቸው ይልቅ ሰው በአላህ ፊት የሚዘረጋውን መዳፍ ተጠቀመበት። ሊጮህ ፈለገ፤ ነገር ግን የሚጮኸው ቃል ኑርዬን እንደሚያስበላው ያውቃል።

ኑርዬ ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ ሰዉ ዞረ። «ጓዶች! መብራት በዕቅድ ተይዟል። ለመጪው ዓመት ምሰሶው ይተከላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መኪና ደግሞ ከዚህም የበለጠ ነው!»

ጉርምርምታው ረገብ አለ። አንዱ «ምን ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። ሼሁ የሰዉ ፊት ሲፈታ አይተው ደስ አላቸው።

«እንግዲያ ምን ቸገረን? ለመብራቱም ዱአ እናድርግለታ!»

መዳፎች ተዘረጉ። ተሻለች ነጠላዋን ሰብስባ የእሷንም ዘረጋች። ኑርዬ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሼሁ ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር «አሚን!» የሚለው ድምፁ ከፍ ብሎ ይሰማል። ዘይኑልአቢዲን ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ያረፉትን የራሱን እጆች ተመለከታቸው። አልተነሱም።