የዱባለ ምላስና የእናቱ ጋን

ሰበታ ውስጥ የዱባለን ጋን ወሬ ያልሰማ ሰው ካለ፣ ትናንት ዕቃውን ያወረደ አዲስ ተከራይ መሆን አለበት።

ጋኑ የእናቱ ነው፤ ጭቃውን ረግጣ የሠራችው ራሷ ናት። ሆደ ሰፊ፣ አፉ በወይራ ጭስ የጠቆረ፣ የጓዳውን ግማሽ ይዞ የተቀመጠ ሸክላ። ዱባለ ከዚህ ጋን ያልወጣውን ጠጅ አይለውም። ከሸክላው ብረት ይገባበታል፣ ካልሲየም ይገባበታል፣ ማግኒዚየም ይገባበታል ይላል። ከመቀመጫው ሲነሳ ጉልበቱ ቀጭ ቀጭ ብሎ ሰው ሲስቅበት፣ አብሮ እየሳቀ፣ «ብረቱ ነው፤ ያነሰኝ ግራሶ ብቻ ነው» ይላል። ማግኔት ባለበት አያልፍም ተብሎም ይወራል። ያስወራው ራሱ ነው።

ይህን ሁሉ ያስጀመረችው ልጁ ቢታንያ ናት። ሱሉልታ ነው ያገባችው፤ የምትሠራው ምግብ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ የጋኑን ጠጅ በጠርሙስ ወስዳ መረመረችና፣ ብረቱ አማቷ ቤት በፕላስቲክ በርሜል ከሚጣለው ጠጅ ትንሽ ከፍ እንደሚል፣ ግን ማንም በምላሱ ሊለየው እንደማይችል ለአባቷ ነገረችው። «ትንሽ» የምትለዋ ቃልና የምላሱ ጉዳይ ዱባለ አፍ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ወርደው ቀሩ።

ችግር የመጣው በዚችው ልጅ ደግነት ነው። እናቷ ደስታነሽ ወገቧን ስላመማት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛችላት። ቧንቧ የሚደርሰው ደግሞ ጋኑ የቆመበት ቦታ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጋኑ ቡራዩ ወደሚኖረው የደስታነሽ ታናሽ ወንድም፣ ወደ መገርሳ ግቢ እንዲሄድ ተመከረ። መገርሳ ጠጅ የሚጥለው በሰማያዊ በርሜል ነው። ጋኑን ምን ሊያደርገው እንዳሰበ ሲጠየቅ፣ ሳያፍር «አበባ እተክልበታለሁ» አለ።

ዱባለ ምሳውን ትቶ ተነሳ። ሲነሳም ጉልበቱ ጮኸ፤ የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። በእናቱ ሆድ ላይ አበባ የተተከለ ያህል ነበር የተሰማው።

«ዓይኔን ሸፍኑኝ» አለ በመጨረሻ። «የሱሉልታ በርሜል፣ የቡራዩ በርሜል፣ የእኔ ጋን። ሦስት ብርሌ አቅምሱኝ። የእናቴን ካላወቅኋት ውሰዷት።»

እሑድ ሊቀምስ ተስማሙ። የቡራዩን መገርሳ፣ የሱሉልታውን ቢታንያ ከአማቷ ቤት እንዲያመጡ ተባለ።

ቅዳሜ ዕለት አንድ የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ በረንዳውን ሲለካ አረፈደ። ዱባለ በመስኮት አየው። ጋኑ በየት በኩል እንደሚወጣ እያጠኑ መሰለው።

እሑድ መገርሳ ከታክሲ ወርዶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «አካም ጅርቱ ኦቦ ዱባለ፣ ጤናዎት እንዴት ነው?» እያለ አቀፈው። ዱባለ በልቡ፣ ሊቀብረኝ ነው የሚያቅፈኝ አለ። ቢታንያም ስልክ ብቻ የምትይዝ ቦርሳ አንጠልጥላ ደረሰች። ዱባለ ቦርሳዋን ክፉኛ ጠረጠረ፤ ጠጁን የሚያደናግር የላቦራቶሪ ዱቄት ሳይኖርባት አይቀርም።

ሁለቱ ከደስታነሽ ጋር ጓዳ ገቡ። ሹክሹክታ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሳቅ። ዱባለ አልጠፋውም፤ የጋኑን በውኃ አቅጥነው ከበርሜሉ ጋር ሊያመሳስሉበት ነው። «አምላክ ያያችኋል!» አለ ከውጭ ሆኖ። ሳቁ ባሰ።

ደስታነሽ ሦስት ጆግ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። በነጠላዋ ዓይኑን ሸፈነችው፤ ሲጠብቅበት ግን ላላ አደረገችለት። ዱባለ አፉን በውኃ ተጉመጠመጠ፣ አንገቱን እንደ አውራ ዶሮ አሰገገ፣ የመጀመሪያውን ብርሌ ተጎነጨ።

ፊቱ ተኮማተረ። «የቡራዩ ናት። መገርሳ፣ በርሜልህን ጥርሴ ላይ ነው ያንከባለልክብኝ።»

መገርሳ አንገቱን ደፍቶ፣ «እውነትዎን ነው» አለ።

ሁለተኛውን ተጎነጨ። በነጠላው ሥር እንባ ወረደ። «እናቴ ናት» አለ። «ብረቱ ይኸው፣ ምላሴ ላይ ቆሟል። ጭቃውን የረገጠችበት እግር ሳይቀር ይታየኛል።»

ሦስተኛውን አልዋጠውም፤ ደጅ ድረስ ተፋው። «የሱሉልታ! ካልሲየም የላት፣ ማግኒዚየም የላት፣ ያላት ብርድ ብቻ ነው።»

«አባዬ፣ አውቀሃታል» አለች ቢታንያ። ደስታነሽም ወዲያው፣ ማሽኑ በረንዳ ላይ ይቆማል፣ ጋኑ ካለበት አይነቃነቅም ብላ ፈረደች።

ዱባለ ነጠላውን ገፍፎ ተነሳ። ንግግርም ጀመረ፤ ከሰበታ ፉሪ በእግር የሚያደርስ ርዝመት ነበረው። ላቦራቶሪ ምላስን እንደማይተካ ለቢታንያ አስረዳ። መገርሳን በርሜሉን ውኃ እንዲያጠራቅምበት፣ ለክብሩ ሲል ጠጅ እንዳይነካበት መከረው። መገርሳ ከንፈሩን ነክሶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደስታነሽ ጠረጴዛውን ታነሳ ነበር። ብርሌዎቹን ሰበሰበች፤ ከዚያም የተናቁትን ሁለት ጆጎች ይዛ ጓዳ ገባችና የተረፈውን ጠጅ ጋኑ ውስጥ ገለበጠችው።

«አብደሻል እንዴ?» አለ ዱባለ እየሮጠ ደርሶ። «የፕላስቲክ ጠጅ በእናቴ ጋን?»

«የምን ፕላስቲክ፣» አለች ደስታነሽ ክዳኑን እየመለሰች፣ «ሦስቱንም የቀዳሁት ከዚሁ ነው።»