ልጆቹ የበዙበት ወንደላጤ

ሞዛመል ሼክ ሚስት አግብቶ አያውቅም። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ግን የመንደሩን አባቶች ሁሉ የሚያስከነዳ ልጅ ነበረው።

መንደሩ ኮላቶሊ ህንድ ውስጥ ነው። ከሞዛመል የሰናፍጭ ዘይት መጭመቂያ ጀርባ ካለው ቦይ ማዶ ያለው ሰፈር ግን የባንግላዴሽ ነው፤ ዙሪያውን በህንድ መሬት የተከበበ፣ ከአገሩ ተቆርጦ የቀረ ቁራሽ መሬት። የማዶ ሰዎችን ባንግላዴሽ አትደርስላቸውም፣ ህንድ አታውቃቸውም። ጨው ሊገዙ ቦዩን ሲሻገሩ እንኳ ባዕድ አገር ያለ ፈቃድ መግባታቸው ነው። ሁለቱ መንግሥታት መሬቱን ተለዋውጠው ነገሩ እስኪያበቃ ድረስ ኑሮው እንዲህ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ልጅ ለመመዝገብ ህንዳዊ አባት ይጠይቃል። ስለዚህ የማዶ አባቶች ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሲመሻሽ ብቅ እያሉ ሞዛመልን ስሙን ይለምኑታል።

«ስሜ ከእኔ ጋር ተጎልቶ ምን ይሠራል?» ይላቸዋል። «ውሰዱት። ብቻ ልጁ እንዳያቆሽሽብኝ።»

አብዛኞቹን ልጆች በዓይኑ እንኳ አይቷቸው አያውቅም።

«አንተ ሰውዬ» ትለዋለች እህቱ ጆቤዳ፣ «አንዲት ሚስት መመገብ ፈርተህ ቀርተህ፣ ይሄን ሁሉ ልጅ ከየት አመጣኸው?»

«ያለ ሚስት ይቀላል» ይላታል።

ነገሩ የተበላሸው አዲስ ርዕሰ መምህር ሲመጣ ነው። ሰውየው መዝገቡን አገላብጦ ለወረዳው ትምህርት ቢሮ ከሰሰ። አጣሪ ሊመጣ ነው ተባለ። ጎረቤቱ ሀቢቡር ማልዶ መጥቶ፣ «ሞዛመል፣ የጥርስ መፋቂያህን ያዝ። እስር ቤት አይሰጡም አሉ» አለው።

ዋናውን መንገድ ጎርፍ ስለቆረጠው አጣሪው ከቀትር በፊት አይደርስም ብለው ነበር። እሱ ግን በሙዝ ተክሎች መሃል የሰፈሩ ሰው ብቻ በሚያውቃት ቀጭን መንገድ ሞተር ብስክሌቱን እየነዳ ገና በጠዋቱ ዱብ አለ። ፊቱ የማይፈታ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት ነው። ጫማውን የሞዛመል ደጃፍ ላይ አውልቆ ቀድሞት ከደረሰው ርዕሰ መምህር ጎን ተቀመጠ። ጆቤዳ እንደ ፈንድሻ የፈካ ሩዝ በሰናፍጭ ዘይትና በሽንኩርት ለውሳ አቀረበች። ማንኪያ ልታመጣለት ስትነሳ እሱ በእጁ ጀምሮት ነበር።

«አባቴ፣ ሞዛመል ሼክ እርስዎ ነዎት?»

«እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ፣ አዎ።»

ርዕሰ መምህሩ ያመጣቸው ልጆች ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል። ወላጆቻቸው ከቦዩ ማዶ ሆነው ያያሉ፤ መሻገር ፈርተዋል።

«እነዚህ ሁሉ የእርስዎ ልጆች ናቸው?»

«ምነው፣ እኔን አይመስሉም?»

«እናቶቻቸውስ?»

«ጌታው፣ ስለ እናቶቻቸው በእህቴ ፊት አታናግረኝ፤ ትደበድበኛለች።»

ግቢው በሳቅ ሞላ። አጣሪው አልሳቀም። ወደ ሁለት ልጆች ጠቆመ። «ይህችና ያኛው የተወለዱት በአንድ ወር ውስጥ ነው።»

«ያን ወር አላህ ለጋስ ነበር።»

«ይቀልዳል እንዴ!» ብሎ ርዕሰ መምህሩ ከመቀመጫው ተነሳ። «ጌታዬ፣ እነዚህ አገር የሌላቸው ልጆች ናቸው!»

«አገር የሌለው ልጅም ቢሆን የመማር መብት አለው» አለ አጣሪው ቀዝቀዝ ብሎ። «መንግሥታት ተስማምተው የፈረሙት የዓለም ሕግ እንደዚያ ይላል።»

«ጥሩ ሕግ ነው» አለ ሞዛመል። «ብቻ እዚህ ጭቃችን ውስጥ ገብቶ እስኪደርስ ድረስ በእኔ ስም ይጠቀሙ ብዬ ነው።»

አጣሪው ጎንበስ አለ። «አባቴ፣ ቀልዱን እንተወው። ልጆቼ አይደሉም ካሉ በሰላም ቤትዎ ይቀመጣሉ፤ እነሱ ግን ዛሬውኑ ከትምህርት ቤት ይባረራሉ። ልጆቼ ናቸው ካሉና ውሸት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ እስር አለው። በሰው ሁሉ ፊት ይንገሩኝ።»

ሞዛመል ዘይት የነካውን እጁን ጉልበቱ ላይ ጠራረገ። ሀቢቡር ከኋላው፣ «ካድ፣ ካድና ተገላገል» እያለ ያንሾካሹካል።

አጣሪው ወደ አንዲት ትንሽ ልጅ ዞረ። «አባትሽ ማነው?»

ልጅቷ ቦዩን አሻግራ አየች። እዚያ የቆመው የወለዳት አባቷ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላት።

«ሞዛመል ሼክ» አለች።

ሽማግሌው ያኔ ተነሳ። «የእኔ ናቸው» አለ። «እሷም፣ ያኛውም፣ ሁሉም። ዛሬ ታሞ የቀረ ካለ እሱም የእኔ ነው። በል፣ ውሰደኝ።»

ጆቤዳ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። አጣሪው ቦርሳውን ዘጋ።

«ጉዳዩ ተጣርቷል» አለ። «ልጆቹ ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ።»

«እንዴት ተደርጎ!» ጮኸ ርዕሰ መምህሩ። «ሰውየው እኮ ወንደላጤ ነው!»

«አባት ልጆቼ ናቸው ብሏል። ልጅም አባቴ ነው ብላለች። እኔ ማን ነኝ የምለያያቸው?»

ርዕሰ መምህሩ እያጉረመረመ ወጥቶ ሄደ። ከማዶ ጩኸትና ጭብጨባ ተነሳ፤ አንዱ ደስታው አሳውሮት ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ሀቢቡር ግን፣ «ወጥመድ ነው፤ የቢሮ ሰው እንዲህ አይራራም» እያለ ሞዛመልን ክንዱን ይዞ አልለቅም አለው።

አጣሪው ጫማውን አጥልቆ ሞተሩ ላይ ወጣ። ጆቤዳ የዘይት ጠርሙስ ይዛ ተከተለችው።

«ልጄ፣ ስምህን እንኳ ሳንጠይቅህ! ዱዓ ስናደርግልህ ማን ብለን እንጥራህ?»

«ኑሩል።»

«ኑሩል የማን ልጅ?»

«የሞዛመል ሼክ።»