የእትዬ ልብ

ነርሷ ለሦስት ሳምንት የእትዬን ልብ ሳትመረምር መዝገቡ ላይ «ደህና ነው» ብላ ጻፈች። እትዬ ልባቸው ደካማ ስለሆነ፣ ሰው ሳይኖር ጆሯቸው ውስጥ ለሚያወራባቸው ድምፅ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳይጎዳቸው በየሳምንቱ መታየት ነበረባቸው። የልብ መመርመሪያ መሣሪያውን ከላይኛው ፎቅ ማምጣት ግን ታከታት።

ዛሬ ሐኪሙ መዝገቡን አይቶ፣ «ጎበዝ! እንግዲያው የመድኃኒቱን መጠን እንጨምርላቸው» ሲላት በእፍረት ተሸማቀቀች። እውነቱን ማውጣት አቅቷት መሣሪያውን እየገፋች ወደ እትዬ ሄደች።

«ዛሬ በደንብ ልመርምርዎት እትዬ።»

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም?»

የመሣሪያውን ገመዶች ደረታቸው ላይ ለጠፈች። ከመሣሪያው በሚወጣው ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። ደግማ ለጠፈች፤ ያው ነው። የእጃቸውን አንጓ ያዘች፤ የሚመታ ነገር የለም።

«አይዞሽ» አሉ እትዬ፣ ፀጉሯን እየዳበሱ። «እኔም ለሰው መናገር አፍሬ ነው እንጂ፣ ከቆመ ሁለት ሳምንቱ ነው።»