ያለ ምስማር የተለጠፈ ፎቶ

የኮንዶሚኒየሟ ግድግዳ ምስማር አልቀበል ቢል፣ ልጇ መሳፍንት ጀርባቸው ላይ ማጣበቂያ ያላቸው የፎቶ ፍሬሞች ገዝቶ መጣና ሳሎኗን በቤተሰቡ ፎቶ ሞላላት። "እማዬ፣ ስትፈልጊ ታነሺዋለሽ፣ ስትፈልጊ መልሰሽ ትለጥፊዋለሽ" ብሏት በማግስቱ ከባድ መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ወረደ።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሟ መጣ። ተቀመጥ ብትለው እምቢ አለ።

"እትዬ፣ መሳፍንት ብቻውን የተነሳውን ፎቶ አውሺኝ። በትልቁ አሳጥቤ ሲመለስ ስጦታ ልሰጠው ነው።"

"የትኛውን?"

"ያንን፣ የሚስቅበትን።"

ደስ ብሏት ወንበር ላይ ወጣች። ፍሬሙን ቀስ አድርጋ ካላቀቀችው በኋላ ግን እጇ ላይ እንደያዘችው ቆየች። ከዚያ መልሳ ቦታው ላይ ለጠፈችውና ጥግ ላይ ያለውን፣ ኮትና ክራባት ለብሶ ኮስተር ያለበትን አውርዳ ሰጠችው።

"የሚስቅበትን ለእኔ ተወው። ለሰው የሚሆነው ይሄኛው ነው።"

ወንድሟ ፎቶውን ተቀብሎ ወደ በሩ ፈጠን አለ።

"የእህታችን ባል የሞተ ጊዜ" አለችው ከወንበሩ ሳትወርድ፣ "እሷ መርዶው ሳይነገራት ለድንኳኑ የሚሆነውን ፎቶ ከቤቷ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። እኔም በትልቁ ላሳጥበው ነው ብያት ነበር።"

ወንድሟ ፍሬሙን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ቆመ።

"ነገ ንጋት ላይ ስትመጡ በር አታንኳኩ" አለችው። "ሳልቆልፍ ነው የማድረው።"